የአዲስ መኪና ቀለም ቶሎ እንዳይደበዝዝና እንዳይጫር እንዴት ይያዛል

አዲስ መኪና ላይ የመጀመሪያውን ጭረት የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ጨርቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ዘበኛው በቅንነት አቧራውን በደረቅ እራፊ ጠረግ ጠረግ ያደርግላችኋል፣ ላቫጆ ላይ ደሞ ቸርኬ የታጠበበት ስፖንጅ ሳይታጠብ ኮፈን ላይ ይወጣል፣ ከዛ ጥቂት ወር ቆይቶ ጥቁር መኪና ከሆነ ፀሐይ ላይ ስታቆሙት የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ መስመር ሞልቶት ታዩታላችሁ። የሚያብረቀርቀው ነገር ከቀለሙ በላይ ያለው ክሊር ኮት የሚባለው ቀለም አልባ ሽፋን ነው፣ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ብቻ ነው፣ ቢበዛ የአንድ ሚሊሜትር 20ኛ ማለት ነው፣ ፖሊሽ በተደረገ ቁጥር ደሞ ከሱ ላይ ትንሽ ትንሽ እየተላጠ ይሄዳል። ስለዚ ሲጫር ፖሊሽ አስደርገዋለሁ እያሉ መኖር አይቻልም።

ከርክክቡ ጀምሩ። ሻጩ አጥበን እንስጥህ ሲል አይ ከነአቧራው ስጡኝ በሉት፣ የመጀመሪያው እጥበት በራሳችሁ እጅ ይሁን። በጅቡቲ ከሚገቡት መኪኖች አንዳንዶቹ ኮፈንና ጣራቸው ላይ ነጭ ፕላስቲክ ተለጥፎባቸው ይመጣሉ፣ እሱ ለጉዞ ብቻ ነው፣ አዲስነቱ ይታይ ብሎ ፀሐይ ላይ ማቆየት ሙጫውን ያደርቀውና ሲላጥ ምልክት ይተዋል። ጥላ ቦታ ቀስ ብላችሁ ላጡት።

እጥበቱ እንዲህ ነው። መኪናው ጥላ ላይ ይቁም፣ ኮፈኑን በእጃችሁ ስትነኩት ቀዝቃዛ ይሁን። መጀመሪያ ምንም ሳትነኩ በውሃ ብቻ ከላይ እስከታች እጠቡት፣ አቧራው በውሃ ይውረድ፣ የፕሬሸር ማሽን ካላችሁ በጣም አታስጠጉት። ከዛ ሁለት ባልዲ አዘጋጁ፣ አንዱ ሻምፖ ያለበት፣ ሌላኛው ንፁህ ውሃ ብቻ፣ አንድ ክፍል ባሻችሁ ቁጥር ማሻውን ንፁህ ውሃው ውስጥ አለቅልቃችሁ ነው ወደ ሻምፖው የምትመልሱት፣ አሸዋው እዛ ይቅር። ሻምፖው የመኪና ይሁን፣ ኦሞና የዕቃ ሳሙና ቅባት ለመንቀል የተሰሩ ስለሆኑ ቀለሙን የሚከላከለውን ሰምም አብረው ይነቅሉታል። ከጣራ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ፣ ፓራውልትና የበሮቹ የታችኛው ክፍል መጨረሻ፣ ቸርኬ ደሞ በራሱ ስፖንጅ። መሬት የወደቀ ጨርቅ ቀለሙ ጋ አይመለስም፣ ይቺን አትቀልዱባት። ማድረቂያው ትልቅ ማይክሮ ፋይበር ፎጣ ይሁን፣ ጫን ሳትሉ አልብሳችሁ ውሃውን ያስመጥጥ፣ የጉድጓድ ውሃ ከሆነ በተለይ ራሱ እንዲደርቅ አትተዉት የኖራ ነጠብጣብ ይቀርበታል።

ላቫጆ መሄድ ግድ ከሆነ የራሳችሁን ማሻና ፎጣ ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይ በውሃ ብቻ እንዲረጩት ጠይቁ። ቀለሙን ናፍጣ እንዳያስነኩት አደራ፣ ለጊዜው ያብለጨልጫል ግን አቧራ ይሰበስባል። ዘበኛውንም ጋሼ አቧራውን እንዳለ ተዉልኝ በሏቸው፣ የምትሰጡትን ግን አትቀንሱ።

የወፍ ኩስ አሲድነት አለው፣ ፀሐይ ሲመታው ክሊር ኮቱን ይበላዋል፣ ያያችሁት ቀን ነው መነሳት ያለበት። እርጥብ ሶፍት ሁለት ሦስት ደቂቃ አስቀምጡበትና ሲለሰልስ አንሱት እንጂ አትፈትጉት። የዛፍ ሙጫም እንደዚሁ፣ ከተቻለ ዛፍ ስር አታቁሙ።

ሰም ለመቀባት ወራት መጠበቅ ያስፈልጋል የሚባለው አዲስ መኪና ላይ አይሰራም፣ የፋብሪካ ቀለም 140 ዲግሪ አካባቢ ተጋግሮ ነው የሚወጣው፣ በመጀመሪያው ሳምንትም መቀባት ትችላላችሁ። መጠበቅ ያለበት ጋራዥ ውስጥ እንደገና የተቀባ አካል ነው፣ እሱ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈልጋል። ሰም ሁለት ሦስት ወር ይቆያል፣ ሴራሚክ ኮቲንግ (ቀለሙ ላይ ተቀብቶ የሚጠነክር መከላከያ ፈሳሽ) ደሞ በደንብ ከተሰራ ዓመታት፣ ግን ሴራሚክ ጠጠር አያስቆምም፣ ያንን የሚችለው ፒፒኤፍ የሚባለው ቀለሙ ላይ የሚለጠፍ ወፍራም ግልፅ ፕላስቲክ ነው እሱም ውድ ነው፣ አቅም ካለ እንኳን ኮፈንና ፊት ለፊት ያለው ፓራውልት ላይ ብቻ ቢሆን ይበቃል። ሴራሚክ ከማስቀባታችሁ በፊት በጠንካራ መብራት ጭረት እንደሌለ እዩ፣ ካለ እሱም አብሮ ከስር ይታሸጋል።

ካቨር የምታለብሱ ከሆነ መኪናው ታጥቦ ንፁህ ሲሆን ብቻ፣ ነፋስ በሌለበት ጋራዥ ውስጥ። ውጪ ላይ ነፋሱ ካቨሩን ሲያንቀሳቅሰው አቧራውን ቀለሙ ላይ እያሸ ያድራል፣ ከዛ ይልቅ ያለ ካቨር ቢያድር ይሻላል።

ጠጠር መትቶት ቆርቆሮው ድረስ ከተላጠ ደሞ እንዳይዝግ ለክረምት አታቆዩት፣ የቀለሙ ኮድ ብዙ መኪኖች ላይ በሩ ሲከፈት ምሰሶው ላይ ወይም ኮፈን ውስጥ ተለጥፎ ይገኛል፣ በዛ ኮድ ትንሽ ቀለም አስበጥብጣችሁ ቦታውን አጽድታችሁና አድርቃችሁ በቀጭን ብሩሽ ነጠብ አድርጉበት።