ካና አበባን በግቢና በባልዲ እንዴት እናሳድግ (ለሀዋሳ ልጆች)

ሀዋሳ ውስጥ ካና ሚባለውን አበባ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም፣ ስሙን ባታውቁት እንኳን ቅጠሉ ሰፋፊ ሆኖ ትንሽዬ እንሰት ሚመስለው፣ ቀይ ወይ ቢጫ ወይ ብርቱካናማ አበባ ሚያወጣው ነው። ብዙ ግቢ ውስጥ አለ፣ ግን አብዛኛው ጋ ስትሄዱ ቅጠል ብቻ ነው። ምክንያቱም ሰዉ "እሱ እኮ አይሞትም" ብሎ አጥር ስር ይተክለውና ይረሳዋል። አይሞትም፣ እውነት ነው፣ አበባ ግን ዝም ብሎ አይሰጥም፣ ፀሀይ ይፈልጋል፣ ውሃና ፍግ ይፈልጋል፣ ከዛ ደግሞ ሰዉ ጭራሽ ማያስታውሰው መቁረጥ አለ።

መጀመሪያ ስሩን ፈልጉ። ችግኝ ጣቢያ መግዛት ይቻላል፣ ግን ጎረቤት ጋ ካለ ብትጠይቁ ይሻላል፣ ካና በየ2 እና 3 አመቱ ተቆፍሮ መከፋፈል ስላለበት ያለው ሰው ሁሌ የተረፈው አለ። ከሙዝ፣ ከእንሰትና ከዝንጅብል ጋር የሩቅ ዘመድ ስለሆነ መሬት ውስጥ ያለው ወፍራምና አንጓ አንጓ ያለው ነገር ነው፣ ከሱ ላይ 2 ወይ 3 ዓይን (አዲስ ቡቃያ ሚወጣበት ነጥብ) ያለው ቁራጭ ይበቃችኋል። ስትጫኑት ጠንካራ ይሁን፣ ሚሟሽሽ ከሆነ በስብሷል። ከመቀበላችሁ በፊት ግን የእናትየውን ቅጠል እዩ፣ በጅማቱ መስመር ቢጫ ቢጫ ሸንተረር ካለው ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ በነፃም ቢሰጧችሁ ይቅርባችሁ።

ቦታ ስትመርጡ በቀን ቢያንስ 6 ሰአት ፀሀይ ሚያገኝ ይሁን፣ ትልቅ ዛፍ ስር ከተከላችሁት ቅጠል ብቻ ታያላችሁ። ረጃጅሙ አይነት ሰው ያክላል፣ አንዳንዱ ከሰውም ያልፋል፣ ስለዚ ነፋስ ቅጠሉን እንዳይተለትለው ግድግዳ ጥግ ብታረጉት አሪፍ ነው (አዳማ ያላችሁ እቺን ነገር አትርሱ፣ የናንተ ነፋስ ቀልድ አያውቅም)። ጊዜው ሚያዝያና ግንቦት ዝናቡ ሲጠነክር ነው፣ ቧንቧ ካላችሁ ግን መቼም ይሆናል። የፈረንጅ ቪዲዮ ላይ ከቅዝቃዜ በፊት ስሩን ቆፍራችሁ አውጡና ቤት ውስጥ አስቀምጡ ሚሉትን ተዉት፣ እሱ መሬቱ በረዶ ለሚሰራበት አገር ነው፣ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሀዋሳ ውስጥ ስሩ አመቱን ሙሉ መሬት ውስጥ ይቀመጣል።

አተካከሉ ቀላል ነው። የኛ አፈር አሸዋማ ስለሆነ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፣ ስለዚ 30 ሳንቲሜትር ያህል ጥልቀት ቆፍሩና የበሰበሰ ፍግ ወይ ኮምፖስት በደንብ አደባልቁበት፣ ትኩስ ፍግ ግን ስሩን ያቃጥለዋል። ስሩን አጋድሙት፣ ዓይኑ ወደ ላይ ይሁን፣ ላዩ ላይ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር አፈር መልሱበት። ከአንዱ አንዱ ግማሽ ሜትር ይራቅ፣ ለአጫጭሩ አይነት 30 ሳንቲሜትር ይበቃል። ከዛ አንዴ አጠጡትና እስኪበቅል ድረስ ቆጠብ በሉ፣ ቅጠል የሌለው ስር ውሃ ሲበዛበት ይበሰብሳል። ቅጠል ካወጣ በኋላ ነው ውሃ እንደልቡ ሚጠጣው። እርጥበቱን እንዲይዝ የቡና ገለፈት ወይ ደረቅ ሳር ዙሪያውን አልብሱት።

ውሃ በፈረቃ ነው ምትሉ ደግሞ የአትክልት ማጠቢያ ውሃችሁን አትድፉት፣ ለሱ ይሁን። ካና ቆሻሻ ውሃ ለማጣራት በሚሰሩ ሰው ሰራሽ ረግረጎች ላይ ሆን ተብሎ ሚተከል ተክል ነው፣ እንዲህ ያለ ውሃ አይከብደውም። በረኪና ያለበትን ብቻ አታፍሱበት።

ኮንዶሚኒየም ወይ ኪራይ ቤት ያላችሁ ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ በቂ ነው። በደንብ እጠቡት፣ የጋለ ሚስማር ይዛችሁ ታቹን 5፣ 6 ቦታ ብሱት፣ 2 እጅ አፈር ከ1 እጅ ኮምፖስት ጋር ሙሉበትና አንድ ስር ብቻ ትከሉ፣ አጭሩን አይነት ምረጡ፣ ረጅሙ በረንዳ ላይ ነፋስ ሲመጣ ከነባልዲው ነው ሚወድቀው። በበጋ ባልዲ ውስጥ ያለው በየቀኑ ይጠማል፣ ጣታችሁን ከተታችሁ እዩት። ቅጠል ካወጣ በኋላ ስሩ ውሃ ማይጠላ ስለሆነ ከባልዲው በታች ሰሀን አስቀምጣችሁ ውሃ ቢቋጥር ችግር የለውም፣ ሌላ አበባ ላይ ግን ይሄን አትሞክሩት። በየ2 ሳምንቱ ኮምፖስት በጥብጣችሁ አጠጡት። ዩሪያ እንዳታበዙ፣ ቅጠሉን ያወፍርና አበባውን ያስቀራል።

አሁን ወደ መቁረጡ። አበባው ሲረግፍ ዘንጉን ቶሎ ከታች አትቁረጡት፣ መጀመሪያ ቀረብ ብላችሁ እዩት፣ የደረቀው የአበባ ዘንግ ከላይኛው ቅጠል ጋ ሚገናኝበት ቦታ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ሹል ነገር ብቅ ብሎ ታገኛላችሁ፣ እሱ ሁለተኛው አበባ ነው። ከሱ ከፍ ብላችሁ የደረቀውን ብቻ ቁረጡ። እሱም አብቦ ሲጨርስ ያኔ ግንዱን ከመሬት ጋር አስተካክላችሁ ጣሉት፣ ምክንያቱም ያበበ ግንድ ደግሞ አያብብም፣ ቦታ ይዞ ነው ሚቀረው፣ ሲወገድ ከስር አዲሱ ይተካል። ካና ያለው ቤት ሁሉ ይሄን ብቻ ቢያረግ ግቢው ይለወጥ ነበር።

በሽታ ብዙም የለበትም። ከቅጠሉ ስር ብርቱካናማ ዱቄት ካያችሁ ዋግ ነው፣ ቅጠሉን ቆርጣችሁ አቃጥሉ፣ ስታጠጡም ከላይ ሳይሆን ከስሩ ይሁን። ቀንድ አውጣ ገና ያልተዘረጋውን ቅጠል ይበሳዋል፣ ማታ ባትሪ ይዛችሁ ልቀሟቸው። ቫይረስ ያልኳችሁ ግን መድኃኒት የለውም፣ ከነስሩ ነቅሎ ማስወገድ ነው፣ መቀሱንም በአልኮል ሳትጠርጉ ወደ ሌላው እንዳትሄዱ።

ከዘርም ይበቅላል። ዘሩ ጥቁር ድብልብል ነው፣ በጣም ጠንካራ ስለሆነ አንዳንድ አገር ዶቃ ይሰሩበታል፣ ስለዚ ነጩ እስኪታይ በሞረድ ፋቅ አርጋችሁ ለ24 ሰአት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ግን የእናትየውን ቀለም ላይመስል ይችላል፣ አንድ የወደዳችሁት ቀለም ካለ ከስር ውሰዱ።