ከስንት ጥማድ? የራኒንግ ባክን ሪከርድ እንዴት እናንብብ

ደምበጫ ላይ የስፖርት መምህር ነኝ። አሜሪካ ያለው የእህቴ ልጅ አንድ ቀን በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ። «አጎቴ፣ ይህን ልጅ እየው! በአንድ የውድድር ዘመን 2,601 ያርድ ሮጠ» ይላል። ልጁ አሽተን ጄንቲ ነው፤ በ2024 የቦይዚ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ራኒንግ ባክ የነበረው፤ ማለትም በአሜሪካን ፉትቦል ኳስ ይዞ ወደፊት የሚሮጠው ተጫዋች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ቁጥሩን ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ገበሬ ነው፤ ኳስ አያይም። ጎረቤት መጥቶ «ዘንድሮ 30 ኩንታል በቆሎ አገባሁ» ሲለው «ከስንት ጥማድ?» ሳይል አያልፍም። እኔንም እንደዚያው ጠየቀኝ። «ስንት ጊዜ ሮጦ ነው?»

የአሜሪካን ፉትቦል ሪከርድ ማንበብ የምትፈልጉ ሁሉ ይህን የአባቴን ጥያቄ ያዙልኝ።

ከዚያ በፊት ግን ያርድን በእግራችሁ እወቁት። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው። 10 ያርድ 9 ሜትር ከ14 ሳንቲ ሜትር ነው። እኔ በገመድ ለክቼ፣ ትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ በአመድ ሁለት መስመር አሰመርኩ። ስድስት ልጆች ከፊት አቆምኩ። አንዱን ኳስ አስታቅፌ «እለፍ» አልኩት። መጋጨት የለም፤ በሁለት እጅ ከተነካ ቆመ ማለት ነው። ልጁ ወደ ግራ ፈተለከ፣ ተመለሰ፣ በቀኝ ዞረ፣ ሁለቱን አታለለ፣ ሦስተኛው ነካው። ላቡ በአገጩ እየወረደ «ቲቸር፣ ስንት ሆነ?» አለኝ። ገመዱን ዘረጋሁ። ሁለት ያርድ ተኩል! ልጁ ገመዱን ተቀብሎ ራሱ ደግሞ ለካው።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሚቆጠረው ኳሱ ከተነሳበት መስመር ወደፊት ያለው ብቻ ነው። ወደ ጎን የሮጣችሁት አይታሰብም። ከመስመሩ ኋላ ከያዟችሁ ደግሞ ይቀነስባችኋል። ስለዚህ 2,601 ያርድ ወደ 2.4 ኪሎ ሜትር ነው፣ ተማሪዎቻችን በየጠዋቱ ይሄዱታል ብላችሁ አትናቁት።

አሁን ማካፈል ነው። መለኪያ እንዲሆናችሁ ባሪ ሳንደርስን ያዙ። በ1988 ለኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ 2,628 ያርድ ሮጧል። ከጄንቲ የሚበልጠው በ27 ያርድ ብቻ ነው። ግን ሳንደርስ የተጫወተው 11 ጨዋታ ነው፤ ጄንቲ 14። ሳንደርስ ኳስ ይዞ የሮጠው 344 ጊዜ ነው፤ ጄንቲ 374። አካፍሉት፦ ሳንደርስ በአንድ ሩጫ ወደ 7.6 ያርድ፣ ጄንቲ ወደ 7። በጨዋታ ሲሆን ልዩነቱ ይሰፋል፤ አንዱ 239፣ ሌላው 186 ገደማ። ጄንቲን ለማሳነስ አይደለም፤ ድንቅ ልጅ ነው። እኩል የሚመስሉት ቁጥሮች ግን እኩል አይደሉም።

ቀጥሎ ቦውል የሚሉትን ጨዋታ ጠይቁ። የውድድር ዘመኑ ካለቀ በኋላ ለተመረጡ ቡድኖች የሚዘጋጅ ነው። የኮሌጅ ስፖርቱ ማኅበር ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ይህን ጨዋታ በተጫዋች ሪከርድ ላይ መደመር የጀመረው በ2002 ነው። ሳንደርስ በሆሊዴይ ቦውል ዋዮሚንግ ላይ የሮጠው 222 ያርድ መዝገቡ ውስጥ የለም። ቢደመር 2,850 ይሆናል። የጄንቲ ግን ተደምሮለታል።

በዚህ የተነሳ ሰው ሲከራከር ከሰማችሁ አትደነቁ። የዊስኮንሲኑ ሮን ዴይን ከ1996 እስከ 1999 በነበረው የኮሌጅ ዘመኑ 6,397 ያርድ ተመዝግቦለታል። በ2016 የሳን ዲዬጎ ስቴቱ ዶኔል ፓምፍሪ የኮሌጅ ዘመኑን በ6,405 ጨረሰ፤ በ8 ያርድ በለጠው። የዴይን የቦውል ሩጫዎች ቢቆጠሩ ግን 7,125 ነበረ። ለእኔ ባለሪከርዱ ዴይን ነው። የሮጠው እኮ ያው ሜዳ ላይ ነው!

ሌላው፣ ከተጫዋቹ ፊት ማን እንደነበረ እዩ። ሳንደርስ በ1986 እና በ1987 የቱርማን ቶማስ ተጠባባቂ ነበር። ቶማስም ኋላ ላይ ታላቅ ተጫዋች ሆኗል። የእነዚያን ሁለት ዓመታት ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ሳንደርስን ይዘልለው ነበር። በ1988 ተራው ሲደርስ ሮጦ ያስቆጠረው ተችዳውን (ኳሱን እስከ ተጋጣሚው የመጨረሻ ክልል ማድረስ ነው) 37 ነው። የኮሌጅ ፉትቦልን ትልቅ ሽልማት ሃይስማንን ማሸነፉን የሰማው ቶኪዮ ሆኖ ነው፤ ቡድኑ ከቴክሳስ ቴክ ጋር ሊጫወት እዚያ ሄዶ ነበር።

ቪዲዮውን ስታዩ ደግሞ ተችዳውን ካገባ በኋላ እጁን ተመልከቱ። ሳንደርስ አይጨፍርም፤ ኳሱን ለዳኛው ያቀብላል። ይህን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ አሳይቻለሁ፤ በጣም የምወደው ነገሩ ነው።

የእህቴ ልጅ አሁን ቁጥር ሲልክልኝ አራት ነገር አሟልቶ ነው፦ ያርዱን፣ የሩጫውን ብዛት፣ የጨዋታውን ብዛት፣ ቦውሉ ተደምሮ እንደሆነና እንዳልሆነ። እኔ ማታ ለአባቴ አነብለታለሁ። ማካፈሉን እሱ በጣቱ ቆጥሮ ይሠራል።