በጽሑፍ የተቀመጠ ቀን ሲደረደር የሚዛባውን እንዴት እንዳስተካከልኩት

ሪፖርቱ በቀን ሲደረደር 02/01/2021 ከ15/12/2019 ቀድሞ ይመጣ ነበር። ቀኑ ያለበት ኮለም ቫርቻር (ጽሑፍ የሚይዝ ዓይነት) ስለሆነ ዳታቤዙ የሚያወዳድረው ቀኑን ሳይሆን ፊደሉን ነው፤ ከግራ ሲጀምር 0 ከ1 ያንሳል፣ በቃ።

ባክአፕ ወስጄ የዴት (ቀን የሚይዝ) ዓይነት ያለው አዲስ ኮለም ጨመርኩ። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ነው፤ ጽሑፍን ወደ ቀን በሚቀይረው «ስትር_ቱ_ዴት» (STR_TO_DATE) ቅርጹን ቀን/ወር/ዓመት ብዬ ከመሙላቴ በፊት ግን ምንም ሳይቀይር ውጤቱን በሚያሳየው በሰሌክት ብቻ ሞከርኩት። ይህችን እርምጃ ማንም እንዳይዘላት! ነል (ባዶ) የመለሰባቸውን ረድፎች ሳይ 03/25/2020 የመሰሉ ወጡ፤ 25ኛ ወር ስለሌለ ወር የሚቀድምባቸው መሆናቸው ግልጽ ነው።

አስቸጋሪው 04/05/2020 ዓይነቱ ነው፤ በሁለቱም መንገድ ያለ ስህተት ይነበባል። እነዚህን በግምት አልነካሁም፤ ከየትኛው ፋይል እንደገቡ አጣርቼ ለየብቻ ቀየርኳቸው። አሮጌው ኮለም እስካሁን አልጠፋም።