ሐረር ውስጥ እንግዳ ለምታስጎበኙ፦ አይዘር እና ኒዘር

ጀጎል ውስጥ የውጭ እንግዳ የምታስጎበኙ ልጆች፣ ይቺን ያዙልኝ። አይዘር (either) እና ኒዘር (neither) የሚባሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ለምርጫ የሚያገለግሉት ወሬው ስለ ሁለት ነገሮች ሲሆን ብቻ ነው። እንግዳው «በሸዋ በር ወይስ በኤረር በር እንውጣ?» ቢላችሁና በየትኛውም ቢሆን ግድ ከሌላችሁ፣ «አይዘር ጌት ኢዝ ፋይን» በሉት። ሁለቱንም ካልፈለጋችሁ ኒዘር ነው። ወሬው ስለ 5ቱ ጥንታዊ በሮች ከሆነ ግን ኒዘር ቀርቶ ነን (none)፣ አይዘር ቀርቶ ኤኒ (any) ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው አሉታው ላይ ነው። እኛ «ማናቸውም አልመጡም» ስንል አሉታው ያለው ግሱ ላይ ነው። ኒዘር ግን አሉታውን ራሱ ይዞ ስለሚመጣ ግሱን ደግማችሁ አታፍርሱት። «አይ ዶንት ላይክ ኒዘር» አትበሉ። «አይ ላይክ ኒዘር» ወይም «አይ ዶንት ላይክ አይዘር» በሉ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በንግግር የተለመደው እሱ ነው። እንግዳው «አይ ዶንት ቹ ጫት» ካላችሁና እናንተም የማትቅሙ ከሆነ፣ መልሱ «ሚ ቱ» አይደለም፤ «ሚ ኒዘር» ወይም «አይ ዶንት አይዘር» ነው።

ግሱ ነጠላ ይሁን፦ «ኒዘር ኦቭ ዘ ጌትስ ኢዝ ክሎዝድ»። በንግግር «አር» የሚሉ አሉ፤ ፈተና ላይ ግን ኢዝ ጻፉ። አይዘር ከኦር ጋር፣ ኒዘር ከኖር ጋር ይሄዳሉ። አነባበቡ አያስጨንቃችሁ፤ አይዘርም ኢዘርም ትክክል ነው፤ ማንም ቢያርማችሁ እንዳትሸማቀቁ።