ጠፍሩ ጠብቋል ያላችሁት፣ በእርግጥ ጠብቋል? የሕፃን መኪና ወንበር ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

አዲስ ወላጆች ሲደውሉልኝ የሚሉኝ አንድ ነው። «ወንበሩን ገጥመነዋል፣ እስቲ ና እየውልን።» ሄጄ አየዋለሁ። ያው የማውቀው ችግር ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ወንበሩ ከኋላ መቀመጥ እንዳለበት፣ ለልጁ ክብደትና ቁመት የሚሆን መሆኑን፣ መመሪያውም እንደሚነበብ ታውቃላችሁ ብዬ ልጀምር። ጠፍር ስል ልጁን የሚያስረውን የወንበሩን ማሰሪያ ነው፤ የመኪናውን ቀበቶ አይደለም።

ምልክት፦ ወንበሩ ሲነካ ይወዛወዛል

መጀመሪያ የቱ ጋ ይዛችሁ ነው የነቀነቃችሁት? ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ወንበር አናቱን ይዘው ቢነቀንቁት መንቀሳቀሱ አይቀርም። ያ ችግር አይደለም። የመኪናው ቀበቶ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ያዙት። በአንድ እጅ ወደ ጎንና ወደ ፊት ግፉት፣ ሳቡት። ከ2.5 ሴንቲሜትር በላይ ከሄደ ላልቷል።

ብዙ ጊዜ መንስኤው ቀበቶው አለመቆለፉ ነው። በብዙ መኪኖች ቀበቶው እስከ መጨረሻው ተስቦ ሲለቀቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ይመለሳል። ያኔ ተቆልፏል። ይህ በሌለበት መኪና ደግሞ ወንበሩ ቀበቶውን ጠፍንጎ የሚይዝበት መንገድ መመሪያው ላይ አለ። ከዚያ ወንበሩን በመዳፋችሁ ወደ ታች ተጭናችሁ ቀበቶውን ሳቡ። በአይሶፊክስ፣ ማለትም የመኪናው መቀመጫ ላይ ባሉት የብረት መያዣዎች ከገጠማችሁት ቀበቶውን አትደርቡበት። መመሪያው ካልፈቀደ በቀር ሁለት ከአንድ አይሻልም።

ፊቱን ወደ ፊት ያዞረ ወንበር ከሆነና ከጀርባው የላይኛው ማሰሪያ ካለው፣ መኪናው ላይ ካለው ማያያዣ ጋር አገናኙት። በግጭት ጊዜ የልጁ ጭንቅላት ወደ ፊት የሚወረወርበትን ርቀት የሚቀንሰው እሱ ነው። ከፋብሪካ እንደመጣ ተጠቅልሎ፣ በላስቲኩ እንደታሰረ ስንቱን አየሁት መሰላችሁ!

ምልክት፦ ጠፍሩ የጠበቀ ይመስላል

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ካየኋቸው ወንበሮች አብዛኞቹ ችግራቸው ይኸው ነው። ወላጁ ግን «ጠብቋል» ብሎ ይምላል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ልጁ ታስሮ ሳለ፣ ትከሻው ላይ ያለውን ጠፍር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከላይ ወደ ታች ቆንጥጡት። ጨርቁ ታጥፎ ከተያዘላችሁ ላልቷል። ጣታችሁ ሸርተት ካለ ጥሩ ነው። ይኸው ነው፣ ሌላ መሣሪያ አይፈልግም።

አንደኛው መንስኤ ወፍራም ልብስ ነው። አንድ ብርዳማ ቀን ወዳጄና ባለቤቱ የአምስት ወር ልጃቸውን በወፍራም ጃኬት ጠቅልለው፣ ወንበሩ ላይ አስረው ጠበቁኝ። «ይሄማ እንኳን ሊላላ፣ መተንፈሻም የለው» አለኝ ወዳጄ። አልተከራከርኩትም። «ጃኬቱን አውልቁለት፤ ማጥበቂያውን ግን እንዳትነኩት» አልኩ። አውልቀው መልሰው አሰሩት። በጠፍሩና በልጁ ደረት መካከል ቡጢዬ ገባ። እናቱ ምንም አላለችም። ቡጢዬን ብቻ ታያለች።

የጃኬቱ ውስጥ አየር ነው። መኪናው ሲጋጭ ይሟሽሻል፤ ጠፍሩም ያን ያህል ይላላል። ልጁን በቀጭን ልብስ እሰሩት፣ ብርድ ልብሱን ከጠፍሩ በላይ አልብሱት። የማያምን የኔን ፈተና ቤቱ ይሞክረው።

ሁለተኛው፣ ልቅነቱ ጭኑ ላይ ይደበቃል። ትከሻው ላይ ሲታይ የጠበቀ ይመስላል፤ ዳሌው ጋ ግን ጣት ያስገባል። ማጥበቂያውን ከመሳባችሁ በፊት ጠፍሩን ከዳሌው ወደ ትከሻው ሳብ ሳብ አድርጋችሁ ሰብስቡት። ከዚያ አጥብቁ። ከዚያ እንደገና ቆንጥጡ። የደረት መያዣ ያለው ወንበር ከሆነ መያዣው ብብቱ ትክክል ላይ ይሁን። ሆድ ላይ የወረደ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ሦስተኛው፣ ጠፍሩ የሚወጣበት ቀዳዳ ነው። ፊቱን ወደ ኋላ ላዞረ ልጅ ከትከሻው ትክክል ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይውጣ። ወደ ፊት ላዞረ ደግሞ ከትከሻው ትክክል ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ። ልጅ ያድጋል፣ ቀዳዳው ግን ራሱን አይቀይርም። ሲወለድ በተሰካበት ቀዳዳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ልጅ አጋጥሞኛል።

አንዱ አባት ደግሞ «ሳጠብቅበት ስለሚያለቅስ ነው ያላላሁት» አለኝ። ሳየው ጠፍሩ ተጠማዝዞ የልጁን አንገት ይፈገፍገዋል። አቃናነው። አጠበቅነው። ልጁም ጸጥ አለ።

በተረፈ ከወንበሩ ጋር ያልመጣ የትከሻ ትራስ፣ የአንገት መደገፊያ፣ ባለ ስዕል ምንጣፍ፣ ምን ቅጡ፣ ከሥሩ አውጡት። ከወንበሩ ጋር አልተፈተነም። ያማረ ሁሉ ይጠቅማል ያለው ማን ነው?

ምልክት፦ የጨቅላው ጭንቅላት ወደ ፊት ይደፋል

አገጩ ደረቱ ላይ ሲወድቅ የአየር መተላለፊያው ይጠብባል። ይህ ቀልድ አይደለም። ወንበሩ በጣም ቀና ብሎ ተገጥሟል ማለት ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁማችሁ የወንበሩን የዘንበል ምልክት እያያችሁ ወደ ኋላ አስተኙት። ደርሳችሁ ስትወርዱ ደግሞ ልጁን ከወንበሩ አውጡት፤ የእንቅልፍ አልጋ አይደለም።

ምልክት፦ መቆለፊያው «ቀጭ» አይልም

ብስኩትና ወተት ነው፣ ሌላ አይደለም። ገልብጣችሁ አራግፉት። ካልሆነ መመሪያው እንደሚለው በሞቀ ውሃ እጠቡት። ዘይት አታድርጉበት። ጠፍሩን ደግሞ አትዘፍዝፉት፣ ማሽን ውስጥም አትክተቱት። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ በቃ።

ምልክት፦ ማጥበቂያው አልሳብ ይላል

ከወንበሩ ጀርባ ጠፍሮቹ የሚገናኙባትን ብረት እዩ። አንደኛው ወገን ወልቆ ይሆናል፣ ወይም ተጠማዝዟል።

ምልክት፦ ከኋላ ቦታ የለም፣ ጋቢና ብናደርገውስ?

ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ወንበር ኤርባግ ፊት አይቀመጥም። ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚመታው ከልጁ ጭንቅላት ጀርባ ያለውን የወንበሩን ጀርባ ነው። አይቀመጥም። «ቅርብ ነው የምንሄደው» አይሠራም።

ምልክት፦ ያገለገለ ወንበር በርካሽ አገኘን

መጀመሪያ ገልብጡትና የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን ፈልጉ። ካለፈ ወይም ከተፋቀ ተዉት። ሻጩ «አንድ ቀን እንኳ አልተጋጨም» ይላችኋል። ቤተሰባችሁ ወይም የምታምኑት ሰው ካልሆነ፣ እሱን በምን ታረጋግጣላችሁ?