ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የተደበቀው እርጥበት

አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም የገዛነው ጥር ላይ ነበር። ግድግዳው ትኩስ ቀለም ተቀብቶ ያበራል። መጋቢት ላይ ቁም ሳጥኑን ሳንቀሳቅስ ሽታው አፈነኝ። ልስኑ አብጧል፣ ሻጋታው እስከ ጉልበት ደርሷል። ቀለሙ ለምን እንደተቀባ ያኔ ገባኝ። አንጀቴ አረረ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ከላይ ያሉትን እትዬን ነበር። ግን ጣሪያው ደረቅ ነው፤ እርጥበቱ ከታች ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ቧንቧውን ሁሉ ዘግቼ የውሃ ቆጣሪውን አየሁት፤ ይዞራል! ወደ ውሃ ማሞቂያው የሚገባውን ቫልቭ ስዘጋው ቆመ። የሚያፈሰው የሙቅ ውሃው መስመር ነው ማለት ነው። እባካችሁ ይህን ሳታዩ ግድግዳ አታስፈርሱ።

የቧንቧ ባለሙያው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ፈልፍሎ አገኘው። የፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ ፕላስቲክ) ቧንቧው መታጠፊያ ላይ ያለችው ጎሚቶ፣ ማለትም መገጣጠሚያዋ፣ በደንብ አልተበየደችም። ቆርጦ አዲስ በየደ። ግድግዳውን ግን ወዲያው አላስደፈንኩም። ሁለት ቀን ቆጣሪውን ተከታተልኩ፣ ንቅንቅ አላለም።

ትዕግስት የሚፈትነው ማድረቁ ነው። የረጠበውን ልስን እስከ ብሎኬቱ አስነሳሁ። መስኮት ከፍቼ፣ ቬንትሌተር አስነስቼ አንድ ወር ጠበቅኩ። ከዚያ ቁራጭ ፌስታል ዙሪያውን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጠፍኩና አደረ። የመጀመሪያው ቀን ከውስጥ አላበው፤ ገና ነበር። ከ10 ቀን በኋላ ደረቅ ሆነ። ያኔ አስለስኜ ቀለም አስቀባሁ።

እትዬንም ቡና ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቁም ሳጥኑ አሁን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ቆሟል።