ጠጅ ሳራችሁ ፖቱን ሲሞላው

ባለፈው ዓመት በረንዳዬ ላይ ያለው ጠጅ ሳር አኮረፈ። የቅጠሉ ጫፍ ይደርቃል፣ መሃሉ ገለባ መስሏል፣ አዲስ ቅጠል የሚያወጣው ዳር ዳሩን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ጠምቶት ነው ብዬ በቀን ሁለቴ ማጠጣት ጀመርኩ። ውሃው ከላይ ሲገባ ከታች ወዲያው ይወጣል። አንድ ቀን ጠዋት ያ ቡናማ ውሃ ቀጥ ብሎ ወርዶ ታች ፎቅ የተሰጣ ነጭ ነጠላ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግራችሁም።

የዚያን ቀን ከሰዓት ሳሩን ከባልዲው አወጣሁት። አፈር የለም! ሥሩ እየዞረ፣ እየዞረ፣ እንደ ስፌት ተጠምዝዞ የባልዲውን ቅርጽ ይዟል። ጣቴን ላስገባ ብል እንቢ አለኝ። ለካ ውሃው የሚያርፍበት አጥቶ ነው የሚያልፈው። ሳሩ የጠበበው ቦታው ነበር፣ እኔ ግን ውሃ ስጨምርበት ከረምኩ።

እናንተም ፖት ውስጥ ሳር ካላችሁ እነዚህን እዩ፦ ውሃ ሳይቆይ ያልፋል ወይም ጭራሽ አልገባም ብሎ ከላይ ይተኛል፣ ሥር ከታች ቀዳዳ ብቅ ብሏል፣ ፕላስቲኩ ጎኑ አብጧል፣ መሃሉ ሞቶ ዙሪያው ብቻ ቀርቷል። ሁለቱን ካያችሁ አትጠብቁ። ጠጅ ሳር ፈጣን ስለሆነ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ ይህ ይመጣል። ሸክላ ላይ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ድረሱለት፣ ሥሩ ገፍቶ ሸክላውን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ላይ እኔ የምመርጠው መጋቢትና ሚያዝያን ነው። ይሞቃል፣ የበልግ ዝናብ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሳሩም ለማደግ ተነስቷል። ሰኔ መግቢያም ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ይቅርባችሁ፣ የተቆረጠ ሥር በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ይበሰብሳል። ኅዳርና ታኅሣሥም አይሆንም። ጠጅ ሳር የሞቃት አገር ተክል ነው፣ በዚያ የሌሊት ብርድ ላይ ሥሩን ብትነኩት ደንዝዞ ይቀራል።

አፈሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከግቢ የተዛቀ ጥቁር አፈር ለፖት አይሆንም። ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፤ ሲሰነጠቅም ሥሩን ይዞ ይሰነጠቃል። እኔ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ደግሞ ፑሚስ እቀላቅላለሁ። ፑሚስ ብሎኬት የሚሠራበት ያ ቀላል ድንጋይ ነው፣ ብሎኬት አምራቾች ጋ ታገኙታላችሁ። ካጣችሁ አሸዋ ይሆናል፣ ግን ይከብዳል፣ በረንዳ ላይ ደግሞ ክብደት ቀልድ አይደለም። ትኩስ ፋንድያ አታስገቡ፣ ሥሩን ያቃጥለዋል።

ከታች ጠጠር መደርደር የሚባለውንም እርሱት። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር ቶሎ አይወርድም፣ ጠጠሩ አናት ላይ ይጠራቀምና ሥሩ እዚያው እርጥብ ላይ ይቀመጣል። ጠጠሩ የሚያደርገው የአፈሩን ቦታ መቀማት ብቻ ነው። አፈሩ በቀዳዳው እንዳይፈስ ከፈለጋችሁ ቁራጭ የአሮጌ አጎበር አንጥፉበት፣ በቂ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። በዋዜማው ውሃ አጠጡት፣ የረጠበ ሥር እንደ ደረቁ አይሰባበርም። በማግስቱ ቅጠሉን ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል አስቀርታችሁ እጨዱት። አትዘኑለት፣ ሥሩ ሲቀነስ ያን ሁሉ ቅጠል ውሃ ማጠጣት አይችልም። የታጨደውን አትጣሉት፣ ጥላ ላይ አድርቁት፣ ለሻይ ይሆናል። ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ ጓንትም አድርጉ። የጠጅ ሳር ቅጠል ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው፣ የሚቆርጣችሁ ሳይታወቃችሁ ነው፣ የሚያቃጥላችሁ ማታ እጃችሁን ስትታጠቡ ነው።

ከዚያ ፖቱን በጎኑ አስተኙት፣ ዙሪያውን በመዳፍ እየመታችሁ አንከባሉት፣ ከግርጌው ይዛችሁ ሳቡ። ካልወጣ ረጅም ቢላዋ በዳሩ አስገብታችሁ አዙሩ። በጀሪካን ተክላችሁ ከሆነ አትታገሉ፣ ጀሪካኑን ቅደዱት። እኔ ባልዲዬን ለማዳን ግማሽ ሰዓት ታግዬ መጨረሻ ላይ ባልዲውም ተሰበረ፣ ወገቤም ተያዘ።

የወጣውን ሥር የቁመቱን ሲሶ ያህል ከታች ቁረጡ፣ እንደ ዳቦ። በመጋዝ ቢሆን ይሻላል፣ የወጥ ቤት ቢላዋችሁን ትገድሉታላችሁ። የመጀመሪያው ጊዜ እጄ ተንቀጥቅጧል፣ የገደልኩት መስሎኝ። አይሞትም። ከዚያ ከላይ ወደ ታች ሰንጥቁት፣ አንድ ክፋይ ላይ ከአራት እስከ ስድስት ጤነኛ ግንድ ይኑር፣ ከታቹም ሥር ይያዝ። የደረቀውን መሃል ጣሉት። ከጀማሪ ሁሉ የማየው ስህተት ለዚያ መሃል ማዘኑ ነው፣ ይነሳል ብሎ መልሶ መትከል። አይነሳም።

አዲሱ ፖት ከሥሩ ክብ በየዙሪያው ሁለት ሦስት ጣት ቢሰፋ ይበቃል። አንዴ ልገላገል ብላችሁ ትልቅ በርሜል ውስጥ አትትከሉት፣ ሥር ያልደረሰበት አፈር ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ይቆይና ይበላሻል። ድሮ በነበረበት ጥልቀት ትከሉት። ግንዱ ከሥሩ የሚነሳበት አንገት መቀበር የለበትም፣ ከተቀበረ ይበሰብሳል። አፈሩን በጣት ጠቅጠቅ አድርጉት፣ ከላይ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ተዉለት፣ ከታች እስኪወጣ አጠጡ፣ አፈሩ ከተቀመጠ ጨምሩበት።

ለሳምንት፣ ለአሥር ቀን ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ አታሳዩት። የአፈሩ አናት ሲደርቅ ብቻ አጠጡ። ማዳበሪያ ለአንድ ወር አይቅመስ። መጀመሪያ ላይ ምንም አያሳይም፣ ሞተ ብላችሁ ልትነቅሉት ይዳዳችኋል። ታገሱት፣ ከመሃል ቀጥ ያለ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ መርፌ ሲወጣ ነው የያዘው። ለሻይ ግን ቢያንስ ወር ተኩል ሳይሞላው አትጨዱ።

ሌሎቹም ሳሮች ከዚህ ብዙ አይርቁም። ላባ የመሰለ አበባ የሚያወጡት የጌጥ ሳሮች የስንደዶ ዘመዶች ናቸው፣ አሠራሩ ያው ነው። የሚለየው ቄጠማና ደንገል ነው። ደንገል ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበት ስለሆነ እግሩ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ደስ ይለዋል፣ ፖቱን ውሃ ያለበት ሳፋ ላይ አስቀምጡት። ቄጠማም እርጥበት ይወዳል፣ ግን ለበዓል የሚጎዘጎዝ ያህል ከአንድ ፖት አትጠብቁ፣ ለረከቦቱ ሥር ብትደርስ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢና እንደሱ ብርዱ በሚበረታበት አገር ያላችሁ፣ ይህን ሥራ ውርጩ ጨርሶ ካለፈ በኋላ በፀደይ ሥሩት። ጠጅ ሳር ውርጭ አይችልም፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ውርጭ በፊት ፖቱን ወደ ቤት አስገቡ፣ ፀሐይ በሚያገኝ መስኮት አጠገብ አድርጉት፣ ውሃውንም ቀንሱ። መነሻ ከሌላችሁ የእስያ ዕቃ መሸጫ ሄዳችሁ ከታች ያልተቆረጠ ግንድ ግዙና ውሃ ውስጥ አቁሙት፣ ሥር ይሰጣችኋል።

የእኔው ተከፍሎ አራት ሆነ። አንዱን ይዤ ታች ፎቅ ወረድኩ፣ ለነጠላው ካሳ። ያሮጌ የቀለም ባልዲ አውጥተው ወዲያው ሊተክሉት ሲሉ ገልብጬ አየሁት፣ ቀዳዳ የለውም። ወፍራም ምስማር በፒንሳ ይዘን ምድጃ ላይ አግለን ከታች አምስት ቦታ በሳነው፣ መስኮት ከፍታችሁ ሥሩት እንጂ ጭሱ ይከረፋል።